በጠቆረ ቁጥር ዓሣው አይታይም

«ለዓሣ ማጥመድ በጣም ጥቁሩን መነጽር ግዛ፤ በጠቆረ ቁጥር ውኃው ውስጥ ያለው ይታይሃል» ላልከው ወንድሜ፦ ይህ ስህተት ነው። ብዙ ሰው ስለሚያምንበት ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ጥቁረት ብርሃኑን ሁሉ ይቀንሳል እንጂ ነጸብራቁን ለይቶ አያስቀርም። ዓሣውን የሚጋርድህ ደግሞ ነጸብራቁ ነው። ከውኃ ላይ የሚንጸባረቅ ብርሃን በአብዛኛው አግድም ይርገበገባል፤ ፖላራይዝድ ሌንስ የሚያግደው እሱን ነው። ፈዘዝ ያለ ሌንስም ፖላራይዝድ ሊሆን ይችላል።

ስታዲየም ዙሪያ ወይም ፒያሳ ስትገዛ «ኦሪጅናል ነው» በሚል ቃል ብቻ ብር አታውጣ። ሻጩን አስፈቅደህ ወደ በሩ ውጣ። ፀሐይ የሚያብረቀርቅበትን የቆመ መኪና ኮፈን በሌንሱ እያየህ መነጽሩን ቀስ ብለህ 90 ዲግሪ አዙረው። ነጸብራቁ ደመቅ፣ ደብዘዝ ካለ ፖላራይዝድ ነው። ምንም ካልተለወጠ ባለቀለም ፕላስቲክ ነው፣ መልስለት።

«ዩቪ 400» መሆኑንም፣ ማለትም ዓይን የሚጎዳውን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የሚከለክል መሆኑን ጠይቅ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። አልትራቫዮሌት የማይከለክል ጥቁር ሌንስ የዓይንህን ብሌን አስፍቶ ጨረሩን ያስገባብሃል።

ለቀትር ፀሐይ ግራጫ፣ ለማለዳና ለደመና ቡናማ ውሰድ። ላንጋኖ ግን ውኃው ራሱ ድፍርስ ስለሆነ የትኛውም ሌንስ ጥልቁን አያሳይህም።