ክልክል ከሆነ የቱ ጋ እንደሆነ ይነገረን

ፎቶ ስለማንሳት የሚመክር አንድ ጽሑፍ «አየር ማረፊያና መናኸሪያ ላይ ካሜራ ባታወጡ ይሻላል» ብሎ ነገሩን በአንድ መስመር ዘግቶታል። እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ፣ አልተዋጠልኝም። አዘዞ አፄ ቴዎድሮስ አየር ማረፊያ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ልንቀበል ስንሄድ አበባና ስልክ ይዘን ነው። እናት ልጇን አቅፋ ስታለቅስ ፎቶ ካልተነሳ መቼ ሊነሳ ነው?

ፍተሻው ጋ ወይም ወታደር ባለበት ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው። አሜሪካ ግን ቲኤስኤ የሚባለው የፍተሻ መሥሪያ ቤት ሥራውን እስካላደናቀፉና የማሽኑን ስክሪን እስካላነሱ ድረስ ፍተሻውንም ፎቶ ማንሳት ይፈቅዳል። መስመሩ ይታወቃል።

እኛ ጋ መስመሩን የሚነግርህ የጥበቃው ጩኸት ነው። አምና የአክስቴን ልጅ ስሸኝ አንድ መናኸሪያ ውስጥ ሰልፊ ተነሳን። ጥበቃው እየሮጠ መጥቶ «አጥፋው!» አለኝ። አጠፋሁት፣ ምን አደርጋለሁ። ክልከላው የተጻፈበትን ብፈልግ ግድግዳው ላይ ያገኘሁት «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚለውን ብቻ ነው።

ለጥምቀት ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚመጣው እንግዳስ በምን ይወቅ? የተሰረዘ ካሜራ የተሳለበት ሰሌዳ ይለጠፍ፣ ያውም የሚከለከልበት ቦታ ላይ ብቻ።