እርማት፦ የባለመሬቱ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም

«ባለመሬቱ ከፈቀደ በራይፍል ጥንቸል መምታት ይቻላል» የሚለው ምክር በእንግሊዝና በዌልስ ሰውን ለክስ ይዳርጋል። ፖሊስ ለመሣሪያው የሚሰጠውን የፈቃድ ወረቀት ገደብ መጣስ በ1968ቱ የጦር መሣሪያ ሕግ ወንጀል ነው።

አዲስ ባለፈቃድ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው «ዝግ» ፈቃድ ነው፤ ማለትም ፖሊስ ተስማሚ ነው ባለው መሬት ላይ ብቻ መተኮስ። ተስማሚነቱ የሚለካው በዋናነት ከዒላማው ኋላ ጥይቱን የሚውጥ የአፈር ተዳፋት በመኖሩ ነው። ትንሿ .22 ጥይት ደረቅና ድንጋያማ መሬት ላይ በቀላሉ ነጥራ ስለምትሄድ ሜዳማ ማሳ አደገኛ ነው። በ«ክፍት» ፈቃድ ይህን የሚመዝነው ተኳሹ ራሱ ነው፤ የባለመሬቱ ፈቃድ ግን ያኔም ግዴታ ነው።

ሌላም አለ፦ የአደን መብቱ ከመሬቱ ተለይቶ በሌላ ሰው እጅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ይህን አስቀድሞ መጠየቅ፣ ከዚያም ድንበሩን፣ የእንስሳቱን ዓይነትና ጊዜውን የሚጠቅስ ፊርማ ያለበት ወረቀት መያዝ ያስፈልጋል። የቃል ፈቃድ ቢሠራም ለፖሊስ ማስረዳቱ ከባድ ነው።