ጠንካራ ነው ወይስ ቻይ?

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ውስጥ አጎቴ ትንሽ የብየዳ ቤት አላቸው። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ የውሃ ታንከር መቆሚያ ይሠራሉ። ባለፈው ጥቅምት ለእረፍት ስመጣ ሻንጣዬን እንኳ ሳልፈታ ወደ እሳቸው ሄድኩ። አንድ ባለ ስድስት ሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት) በሁለት ጉማጅ ላይ አጋድመው በመዶሻ እጀታ መታ መታ ያደርጉታል፤ ጆሯቸውንም ያስጠጋሉ። ሰላምታው እስኪያልቅ ብረቱ ጠበቀ፤ የወሎ ሰላምታ ደግሞ ቶሎ አያልቅም። ከዚያ አንድ ጊዜ ደግመው መቱትና «ይህ ይጮሃል እንጂ አይናገርም» አሉ። ስስ ነው ማለታቸው ነው።

እኔ የምኖረው ካናዳ፣ ሰሜን አልበርታ፣ ነዳጅ ከአሸዋ ከሚወጣበት ከፎርት ማክመሪ አካባቢ ነው። ሥራዬ ብረት መቀበል ነው። ቧንቧና ቱቦላሬ የጫነ መኪና ሲገባ የፋብሪካውን የማረጋገጫ ወረቀት ይዤ እጠብቃለሁ፤ ብረቱ ላይ የታተመውን የቅልጥ ቁጥር፣ ማለትም በአንድ ጊዜ አብሮ ለቀለጠ ብረት የሚሰጠውን ቁጥር፣ ከወረቀቱ ጋር አመሳክራለሁ፤ ካልገጠመ አይራገፍም። ይህን ስነግራቸው አጎቴ ግራ ተጋቡ።

«ብረቱንስ መቼ ታየዋለህ?»

«ብረቱን ብዙም አላየውም፣ ጋሼ። የማየው ወረቀቱን ነው።»

«ወረቀት ተበይዶ ያውቃል?» አሉና ሳቁ። አብረዋቸው የሚሠሩት ልጆችም ሳቁብኝ።

መሳቃቸው አልከፋኝም፤ እኔም መጀመሪያ የሳቅሁበት ነገር ነው። የሳቄን ያቆምኩት በደረስኩበት ዓመት በበረዶው ወራት ነበር። (ክረምት እንዳልል እናቴ በስልክ «ዝናቡ እንዴት ነው?» ትለኛለች።) ቀኑ 38 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነበር። አንድ ባልደረባችን ከየት እንደመጣ ካልታወቀ ቁራጭ ቱቦላሬ የጎማ ቱቦ መስቀያ በይዶ ነበር። መስቀያው በበረዶ ተጣብቆ አልነቀል ቢለው በከባድ መዶሻ አንድ ጊዜ መታው። አልጎበጠም፣ አልተቀጠቀጠም፤ እንደ ጥይት ጮሆ ለሁለት ተከፈለ። ስብራቱን አንስቼ ሳየው ፊቱ ያብለጨልጫል፤ ፍርክስክስ ያለ፣ ብሩህ፣ ልክ በልጅነቴ ከአፋር ወደ ገበያችን ይመጣ የነበረው አሞሌ ጨው ሲሰበር እንደሚያሳየው ፊት። አለቃችን ማን እንደመታው አልጠየቀም። የጠየቀው «የዚህ ብረት ወረቀት የት አለ?» ብሎ ነው።

አጎቴ ታሪኩን ሰምተው ዝም አሉ። ከዚያ ከግድግዳው ላይ አንድ መጥረቢያ አውርደው አሳዩኝ። ጫፉ ተሸርፏል። «ይህን አግሎ ውሃ ውስጥ ያጠለቀው ልጅ ነው። አብዝቶ አጠለቀው። ጠንካራ ሆነ፤ ቻይ ግን አልሆነም» አሉ።

ስንት ዓመት በእንግሊዝኛ ስሰማው የኖርኩት ነገር በአማርኛ እንዲህ ያለ አጭር ስም እንዳለው ያን ቀን አወቅሁ። ቻይነት። ጥንካሬ ብረቱ ሳይለጠጥና ሳይጎብጥ የሚሸከመው ጭነት ነው፤ ቻይነት ግን ዱብ ዕዳ ሲወድቅበት፣ ስንጥቅ እያለበትም ቢሆን፣ ሳይሰበር የሚውጠው ኃይል ነው። ገዢውን የሚያሞኘውም እዚህ ላይ ነው፤ ተራ ብረት ሲቀዘቅዝ ጥንካሬው ከፍ ይላል፣ ቻይነቱ ግን ይወርዳል። በፋብሪካው የጥንካሬ ሰንጠረዥ ብቻ የሚመርጥ ሰው ብርዱ ብረቱን ያሻሻለለት ይመስለዋል። የቀዘቀዘ ብረት ከመጥረቢያው የሚለየው ሲሞቅ ወደ ቀድሞ ጠባዩ መመለሱ ነው፤ ስለዚህ በካናዳ የሐምሌ ፀሐይ ብትፈትነው ምንም አታገኝበትም።

ምክንያቱ ከውስጡ ነው። ብረት ሲመታ የአተሞቹ ረድፍ አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ምቱን ያበርደዋል። በተራ ብረት ውስጥ ይህ መንሸራተት ሙቀት ይፈልጋል፤ ሙቀቱ ሲጠፋ ረድፉ አልንሸራተት ብሎ ይደርቅና ምቱ በሙሉ ወደ ስንጥቁ ይሄዳል። ፎስፈረስና ድኝ የበዛበት ብረት ቶሎ ይደርቃል። ማንጋኒዝ፣ ኒኬልና የብረቱ ውስጣዊ ቅንጣት ደቃቅ መሆኑ ያዘገዩታል። 304 እና 316 የሚባሉት የማይዝጉ ብረቶች የአተም አሰላለፋቸው ራሱ ሌላ ስለሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ፣ በ196 ዲግሪ ከዜሮ በታች እንኳ፣ ቻይነታቸውን ይዘው ይቆያሉ። ታዲያ ሁሉን ነገር በእነሱ ለምን አንሠራም ካላችሁ ዋጋቸውን ጠይቁ።

ፈረንጆቹም ይህን የተማሩት በርካሽ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ ከ1941 እስከ 1945 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ሊበርቲ የሚባሉ 2,710 የጭነት መርከቦችን እየበየደች ሠራች። ብዙዎቹ በቀዝቃዛ ባሕር ላይ ተሰነጠቁ፤ ጥቂቶቹም ለሁለት ተከፈሉ። ሸኔክታዲ የምትባለው የነዳጅ መርከብ ደግሞ በጥር 1943 የሙከራ ጉዞዋን ገና ጨርሳ፣ ማዕበል በሌለበት ወደብ ላይ ታስራ ቆማ ሳለች ተሰበረች። የማንም ቶርፔዶ አልነካትም። ብረቱ በጥንካሬ ሚዛን ሲታይ የሚነቀፍ አልነበረም፤ ስለ ቻይነቱ ግን የጠየቀ አልነበረም።

አሁን የሚጠየቀው እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ ቅልጥ ጎንና ጎኑ 10፣ ርዝመቱ 55 ሚሊ ሜትር የሆነ ቁራጭ ይወሰዳል፤ ወገቡ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ጭረት ይወጣለታል፤ በተፈለገው ቅዝቃዜ ይነከርና እንደ ዥዋዥዌ በሚወርድ መዶሻ ይሰበራል። መዶሻው ሰብሮ ሲያልፍ ምን ያህል ኃይል እንደጠፋበት ይለካል። ዘዴው ሻርፒ በተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ስም ይጠራል። በአውሮፓውያን አጠራር ኤስ 355 በሚባለው የግንባታ ብረት ስም መጨረሻ ላይ የሚለጠፉት ፊደሎች የዚህ ፈተና ውጤት ናቸው፤ ጄ አር ማለት 27 ጁል (ጁል የኃይል መለኪያ ነው) በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ ጄ ዜሮ ማለት በዜሮ፣ ጄ 2 ማለት በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ ኤን ኤል ማለት በ50 ዲግሪ ከዜሮ በታች። በአሜሪካኖቹ ደግሞ ኤ 106 ቢ የሚባለው የተለመደ ቧንቧ ያለዚህ ፈተና ይሸጣል፤ ኤ 333 ግሬድ 6 ግን መልኩ ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ በ45 ዲግሪ ከዜሮ በታች ተፈትኖ ይመጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው እኔም አጎቴም መለየት አንችልም። አይንም ጆሮም ሚዛንም አይለያቸውም። ወረቀቱ የተወለደው ከዚህ ነው።

አጎቴ ፊደሎቹን በጥሞና ሰሙ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ። «ይኸ በሃያ ዲግሪ ተፈተነ ያልከው... ደሴ ሃያ ይሞላል እንዴ?»

በጥቅምት ሌሊት አይሞላም። ወደ ጉጉፍቱና ወረ ኢሉ ደጋ ከወጣህማ ጠዋት ሳሩ ላይ አመዳይ ታገኛለህ። ደነገጥኩ፤ ከዚያ የቱቦላሬያቸው ግድግዳ ስስ ስለሆነና ከባድ ምት ስለማያርፍበት እንደማያሰጋቸው አስረዳኋቸው። «እንግዲያው ስስ መሆኑ ይጠቅማል ነው የምትለኝ?» አሉ፤ ፊታቸው ላይ ሐኪም ስኳር አብዛ ያለው ሰው ዓይነት ጥርጣሬ ነበር።

በብርድ አገር አዎ፣ በአንድ በኩል ይጠቅማል። ይህን ለወገኖቼ ማስረዳት ሁልጊዜ ይከብደኛል፤ እኛ ጋ ወፍራም ማለት ጥሩ ማለት ነውና። ወፍራም ግድግዳ መሃሉ ላይ ያለው ብረት በዙሪያው ታፍኖ እንደልቡ መለጠጥ ስለማይችል ቶሎ ይደርቃል። የአሜሪካ የግፊት ዕቃዎች ደንብም ብረቱ በወፈረ መጠን ያለ ፈተና የሚፈቅደውን ቅዝቃዜ ያጠብቃል። ወፍራም ስለሆነ ተማምኖ መግዛት እዚያ የጀማሪ ስህተት ነው። ሌላው የጀማሪ ስህተት ቱቦላሬውን ለውሃ መውጫ ሳያበጁለት ዙሪያውን መዝጋት ነው፤ የገባው ውሃ በረዶ ሲሆን በመቶ 9 ያህል ይሰፋና ብረቱን ከጎኑ ይቀደዋል።

ብየዳው ላይ ግን ከጠበቅሁት በላይ ተግባባን። እኛ ጋ ሃይድሮጅኑ ያነሰ ኤሌክትሮድ በምድጃ ውስጥ በሙቀት ይቀመጣል፣ ቧንቧውም ሳይሞቅ አይበየድም፤ እርጥበት ከገባ ከእርጥበቱ የሚወጣው ሃይድሮጅን ብየዳው ከተጠናቀቀ ከሰዓታት በኋላ ተደብቆ ይሰነጥቀዋል። አጎቴ በሐምሌ ዝናብ ኤሌክትሮዳቸውን ከቡናው ከሰል ምድጃ አጠገብ ይደረድሩታል። «እርጥብ ከሆነ ይተፋል» ይላሉ። ቡናው ሲፈላ፣ አቦሉ ጀባ ሲባል፣ ኤሌክትሮዱም አብሮ ይሞቃል። የእኛ ተቆጣጣሪ ቢያይ ይስቅ ይሆናል፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።

ያልተግባባነው በብክነቱ ነው። አንድ ጊዜ ወረቀቱ የጠፋበት፣ ቁጥሩም የተፋቀ አንድ ጭነት አዲስ ቧንቧ ለቁርጥራጭ ብረት ሲሸጥ አይቻለሁ። ብረቱ ምናልባት ምንም አልነበረበትም፤ ማንነቱን የሚያረጋግጥለት ግን አልነበረም። አጎቴ ይህን ሲሰሙ በእውነት ተቆጡ። እሳቸው ጋ ቧንቧ ሦስት ዕድሜ አለው፤ በመጀመሪያ ውሃ ያመላልሳል፣ ሲዝግ የአጥር ቋሚ ይሆናል፣ ሲያጥር የአልጋ እግር። «አዲስ ቧንቧ ወረቀት ጠፋ ብሎ መጣል ሐራም ነው» አሉ። ልከራከራቸው አልቻልኩም፤ በዚያ ቀን እኔም ውስጤ ያለው ይህንኑ ነበር።

ነገር ግን ከዚህ ተነስቶ እኛ ወረቀት አያስፈልገንም ማለትም ልክ አይደለም። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ግቡ። ከተማዋ ከድሮ ጀምሮ ጨርቃ ጨርቅና ቢራ ፋብሪካ አላት፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩም በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ኮምቦልቻ ከደሴ ትሞቃለች፤ ብርድ ግን ከሰማይ ብቻ አይመጣም። ትልልቅ ማቀዝቀዣዎች በብዛት የሚሠሩት በአሞንያ ነው፤ አሞንያ በተራ አየር ግፊት የሚፈላው በ33 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው። ፈሳሽ ኦክስጅን ደግሞ 183 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይደርሳል። በሞቃት ከተማ መሃል እንዲህ ያለ ብርድ የሚያልፍበት ቧንቧ ሲቀየር ከመደብር «ያው ቧንቧ ነው» ተብሎ የተገዛ ቢገባበት በጆሮ የሚለየው የለም። በሩና አልጋው ላይ ግን አጎቴ ልክ ናቸው፤ ደሴ ውስጥ ቱቦላሬን የሚገድለው ዝገትና ስስነት ነው፣ ሁለቱንም በእጅና በጆሮ ያውቋቸዋል።

በማግስቱ አብረን ለግዢ ወጣን። አንድ መደብር ገብተን ባለ 2 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ጠየቅን። ነጋዴው አወጣልን፤ ጎኑ ላይ በግልጽ «2» ተብሎ ታትሟል። አጎቴ መታ አደረጉትና ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ከኪሴ ካሊፐር አውጥቼ ለካሁት፤ 1.6 ነው። ነጋዴውን ብናሳየው አላፈረም፣ አልተቆጣም። «እኔ አላተምኩትም፣ እንዲህ ተጽፎ ነው የመጣው» አለ።

እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ስለ ራሴ ሥራ ነው። እኔ ወረቀት የማምነው ወረቀት ስለሆነ አይደለም፤ የቅልጥ ቁጥሩን ይዤ ብረቱ እስከቀለጠበት ምድጃ ድረስ ወደ ኋላ መሄድ ስለምችል ነው፤ ውሸት ከሆነም የሚጠየቅ ሰው ስላለ ነው። ይህ «2» ግን ከኋላው ማንም የለም። ሻጩ አላተመውም፣ ያመጣው አላተመውም፣ ያተመው ደግሞ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሰው እንዲህ ባለ ጽሑፍ መሃል ሲኖር ጆሮውን ቢያምን ማን ይፈርድበታል?

አጎቴ ዋጋ አስቀንሰው ገዙት። ሌላ መደብርም ያው ነው አሉ። የብየዳ ቤቱ ስንደርስ ብረቱን አጋደሙ፤ ካሊፐሩን ተቀበሉኝና ራሳቸው ሦስት ቦታ ለኩት። ከዚያ ከመደርደሪያው ጠመኔ አንስተው ከታተመው «2» ጎን፣ በትልቁ፣ «1.6» ብለው ጻፉበትና ልጁን ጠርተው «ይህን ከአልጋዎቹ ጋር አስቀምጠው፤ ለበር እንዳታነሳው» አሉት።