ሻይ ጠጪው ሚስዮናዊ

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ደብዳቤ ነው። ባሕር ማዶ ለወንጌል ሥራ የሄደ አንድ ወዳጅ አለን። ስሙንም ያለበትንም አገር አልጽፍም፤ እንዲህ ያለ ስም በአደባባይ ሲጠራ መዘዝ የሚያመጣበት ቦታ ብዙ ነው። እኛ ሰባት ሆነን በወር አንዴ እየተገናኘን እንጸልይለታለን፤ ከየኪሳችንም እናዋጣለታለን። እሱ ደግሞ በሦስት ወር አንዴ ይጽፋል። ደብዳቤው ይነበባል፣ «ጌታ ይባርከው» ይባላል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ያን ቀን ግን ማንም ቶሎ አልሄደም።

ደብዳቤውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ቋንቋው ዛሬም አልተገራለትም። ባሏ የሞተባትን ሴት ሊያጽናና ገብቶ፣ አንዲት ድምፅ አዛብቶ «እንኳን ደስ ያለሽ» ብሏት ወጣ። (ደግነቱ ሴትየዋ በእንባዋ መሀል ሳቀች፤ ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሰላምታ የምትጀምረው እሷ ናት።) የመኖሪያ ፈቃዱን ለማሳደስ ሦስት ቀን ተሰልፏል። ጎረቤቱ ሥራውን ትቶ አብሮት ተሰልፏል፤ ፎርሙንም የሞላለት እሱ ነው። ትንሿ ልጁ ሌሊት በትኩሳት ስትነድ ሆስፒታል ያደረሳትም ይኸው ጎረቤት ነው። ማታ ማታ ሁለቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፣ ዳማ ይጫወታሉ። ይሄ እንግዲህ አራት ዓመት ሆነው። ጎረቤቱ አላመነም። ሊያምን ያሰበም አይመስልም።

መጨረሻው ላይ አባቱን አንስቷል። ሲያርፉ ለቀብር አልደረሰም፤ ሥርዓቱን በስልክ ነው የተከታተለው። ያን ዕለት ጎረቤቶቹ ሳይጠሩ መጡ። ሦስት ቀን አብረውት ተቀመጡ፤ ብዙም አላወሩም። «አጽናኝ ተብዬ የተላክሁት እኔ ነበርኩ» ይላል። ከዚያ «ጸልዩልኝ»፤ ከዚያ ፊርማ።

እኔ ሆዴ ባባ። አንባቢዋ ወረቀቱን አጥፋ አስቀመጠች። ቤቱ ጸጥ አለ።

«እና?» አለ አንደኛው።

ስሙን ስለማልጽፍ «ሪፖርት» እያልኩ ልጥራው። ስድብ አይደለም፤ በቀን አሥር ጊዜ የሚጠራት ቃል እሷ ስለሆነች ነው። ጥሩ ሰው ነው፤ መዋጮውን አንድ ወር አሳልፎ አያውቅም። ግን ከጋብቻው በፊት ለሚስቱ የሥራ ዕቅድ ሳያቀርብላት አልቀረም።

«እና ምን?» አሉት እትዬ። እትዬ በዕድሜ የሁላችን ታላቅ ናቸው፤ ሲናገሩ ወደ መሬት ነው የሚያዩት።

«ቁጥሩ የታለ? ለስንት ሰው መሰከረ? ስንት ነፍስ ዳነ? ስንቱ ተጠመቀ? እኛ የላክነው ሚስዮናዊ ነው ወይስ ሻይ ጠጪ?»

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» አሉ እትዬ።

«እትዬ፣ እሱ ከወንጌል ጋር ምን አገናኘው?»

«አባቱ ሲሞቱ እኛ የት ነበርን?» አሉት። አልመለሰም። መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እመለስበታለሁ።

ሪፖርት የድሮዎቹን አመጣ። የድሮ ሚስዮናውያን እንዲህ አልነበሩም አለ። አፍሪካን ያሰሰው ስኮትላንዳዊ ሚስዮናዊ ሊቪንግስተን ደጃፍ ላይ ዳማ ሲጫወት አልዋለም፤ አህጉር ነው ያቋረጠ። ሰውየው ለምሳሌ የመረጠው ስም ራሱን እንደሚጥለው አላወቀም። እኔም ይሄን ጊዜ ነው የገባሁበት። ሊቪንግስተን ካጠመቃቸው በስም የሚነሳለት ዛሬ ቦትስዋና በሚባለው አገር የነበረው አለቃ ሴቼሌ ነው፤ እሱንም እ.ኤ.አ. በ1848 አጥምቆት፣ በወራት ውስጥ ከቁርባን አገደው። ከፈታቸው ሚስቶቹ አንዷ ከእሱ ፀንሳ ነበርና። በአንተ ሒሳብ ሊቪንግስተን ገና ድሮ ተጠርቶ ይመለስ ነበር አልኩት። የሚገርመው ሴቼሌ በኋላ ራሱ ለሕዝቡ ሰባኪ ሆነ፤ ግን ይሄ ሊቪንግስተን ከሄደ በኋላ ስለሆነ ሪፖርቱ ውስጥ አይገባም።

ደግሞስ ሊቪንግስተን በ1873 ዛሬ ዛምቢያ በሚባለው አገር ሲሞት ማን ነበር አጠገቡ? የላከው ማኅበር? ወገኖቹ? ሱሲና ቹማ የሚባሉ አፍሪካውያን ከጓደኞቻቸው ጋር ልቡን ዛፍ ሥር ቀበሩ። ሬሳውን አድርቀው፣ ጠቅልለው፣ ተሸክመው፣ ወራት ተጉዘው ባሕር ጠረፍ አደረሱት። በማግሥቱ ዓመት ለንደን ዌስትሚኒስተር ተቀበረ።

«እነሱ እኮ ተቀጣሪዎቹ ነበሩ» አለ ሪፖርት።

«የሞተ ሰው ደመወዝ ይከፍላል?» አሉ እትዬ። ቀጥለው፣ ትገምታላችሁ፣ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» አሉ።

ሪፖርት ተቆጣ። ይሄ ተረት ነው፣ እኛ የምንነጋገረው ስለ ታላቁ ተልእኮ ነው፣ ተረትና ቃለ እግዚአብሔር አይደባለቅ አለ። እትዬ ቀና አሉ። መጽሐፈ ምሳሌ 27 ቁጥር 10ን አውጣ አሉት። ስልኩን አወጣ። ሲፈልግ ቆየ፤ ሲያገኘው ግን ጮክ ብሎ አላነበበውም። በሩቅ ካለ ወንድም በቅርብ ያለ ጎረቤት ይሻላል የሚል ነው ያለው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየነው። «እሱ ስለ ሌላ ነገር ነው» ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ነገር ግን ከመሀላችን ታናሿ፣ ደብዳቤውን ያነበበችው ልጅ፣ ማናችንም ያላሰብነውን ጠየቀች። «ጎረቤቱ መቼም ባያምንስ? ሻዩ ይቋረጣል?»

ሪፖርት ደስ አለው። «ይኸዋ! ወዳጅነቱ መንገድ ነው፤ መድረሻው ነፍስ ነው። ካልደረሰ ሌላ ጎረቤት ይፈልግ። ጌታ ሰዎችን አጥማጆች አደርጋችኋለሁ አይደል ያለው?»

«በመረብ ነበር የሚያጠምዱት፤ መንጠቆ ሌላ ነው» አሉ እትዬ። መረብ ጫፉ ላይ የሚያታልል ትል የለውም ማለታቸው ነው። (ወንጌል ላይ ጴጥሮስ አንዴ መንጠቆ እንዲጥል መታዘዙን አስታውሳለሁ፤ እሱም ለግብር የሚከፈል ገንዘብ ፍለጋ ነበር። ይሄን ለሪፖርት አልነገርኩትም፤ ሊጠቀምበት ይችላል።)

የልጅቷ ጥያቄ ግን እስካሁን አብሮኝ አለ። ወደ ሰው አገር ለወንጌል የሄደ ሁሉ ይሄን ጥያቄ ተሸክሞ ነው የሚኖረው። ጎረቤቱ ሻዩን ሲቀዳለት በልቡ «ይሄ ሰው ከእኔ የሚፈልገው ነገር አለ» ብሎ ቢያስብስ? እኔ አንድ ነገር ብቻ አውቃለሁ። ባያምንም የማይቋረጥ ሻይ ብቻ ነው እውነተኛ ሻይ። የሚቋረጥ ከሆነ ከመጀመሪያውም ሻይ አልነበረም፤ ትል ነበር።

ደግሞ ትዕግሥት የዛሬ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካዊው ሚስዮናዊ ጀድሰን እ.ኤ.አ. በ1813 በርማ ገብቶ የመጀመሪያውን አማኝ ያጠመቀው በ1819 ነው፤ ስድስት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። እሱም የሆነው መንገድ ዳር አንዲት የመንገደኛ ማረፊያ ሠርቶ፣ አላፊ አግዳሚው እየገባ ሲያርፍ አብሮ መቀመጥና ማውጋት ከጀመረ በኋላ ነው። በአገሬው ቋንቋ ማረፊያዋ ዛያት ትባላለች። በእንግሊዛዊው ሚስዮናዊ በኬሪ ጊዜም ሕንድ ውስጥ እንዲሁ ነው። እሱ ሕንድ የደረሰው በ1793፣ የመጀመሪያው የሂንዱ አማኝ ክሪሽና ፓል የተጠመቀው በ1800 መጨረሻ። ሰውየው አናጢ ነበር። ትከሻው ወልቆ የኬሪ ባልደረባ የሆነ ሐኪም መለሰለት፤ ወሬውም ከዚያ ተጀመረ። የወለቀ ትከሻ መመለስ ሪፖርቱ ውስጥ በየትኛው ዓምድ እንደሚገባ ሪፖርትን ጠየቅኩት።

«ሁለቱም መጨረሻ ላይ ተጠመቁ አይደል? ቁጥር አለ ማለት ነው!» አለኝ።

ምን ይባላል? በስድስተኛው ዓመት የተገኘውን ቁጥር ይወዳል፤ በአራተኛው ዓመት ሻይ የሚጠጣውን ሰው ግን ይከሳል።

ሪፖርት አንድ ደህና ነገር ተናግሯል፤ መካድ አልወድም። ነገ ጎረቤቱ ገንዘብ ቢጠይቀውስ አለ። ይሄ እውነተኛ ጣጣ ነው። ሚስዮናዊው ከውጭ በሚላክለት ይኖራል፤ ጎረቤቱ ሠርቶ ካላደረ የለውም። ብድር ሲጠየቅ ቢሰጥ ወዳጅነቱ ወደ ሒሳብ ይለወጣል፤ ቢከለክል ደግሞ ባዕድ መሆኑ ይታወሳል። ነገር ቢበላሽ እሱ ፓስፖርቱን ይዞ ይወጣል፤ ጎረቤቱ የትም አይሄድም። ይሄን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ዳማው ሰሌዳ ላይ ግን አያነሱትም። ደግሞ ወደ ወገን መሸሽም አለ። የአገሩ ሰዎች ይመጣሉ፣ ሁለት ዓመት ይቆያሉ፣ ይሄዳሉ። ልጆቹ ጓደኛ ያበጃሉ፣ ጓደኛው ይሄዳል፣ ሌላ ያበጃሉ፣ እሱም ይሄዳል። አንድ ጊዜ በደብዳቤው ትልቋ ልጁ አዲስ የመጣችን ልጅ ከመተዋወቋ በፊት «መቼ ነው የምትሄዱት?» ብላ እንደጠየቀቻት ጽፎልን ነበር። ያን ጊዜም «ጌታ ይባርካት» ብለን ወደ ቤት ሄደናል።

ሪፖርት ግን ከጣጣው ያወጣው መደምደሚያ «እንግዲያው አይቅረባቸው» የሚል ነው። እሳት ያቃጥላልና በጥሬው ይበላ እንደማለት። አጥር አጥሮ፣ ከወገኖቹ ጋር ሰፍሮ፣ በሰዓት ወጥቶ ሰብኮ በሰዓት ይመለስ። ይሄም አዲስ አይደለም፤ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1910 ስኮትላንድ ውስጥ ኤድንብራ ላይ ትልቅ የሚስዮን ጉባኤ ነበር። አዛርያ የሚባል የ35 ዓመት ሕንዳዊ ቄስ ተነሥቶ፣ አብዛኛው ነጭ ለሆነው ጉባኤ ፊት ለፊት ተናገረ። ንብረታችሁን ለድሆች ሰጥታችኋል፣ ሰውነታችሁንም ለእሳት ሰጥታችኋል፤ እኛ ግን ፍቅርንም እንለምናለን፤ ወዳጆች ስጡን! አላቸው። ከአዳራሹ የተከፋም ነበረ። ልብ በሉ፤ ትምህርት ቤት ስጡን፣ ሆስፒታል ስጡን አላለም። እሱ ሞልቶ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ የተለመነ ነገር ዛሬ አንድ ሰው በነጻ ሲሰጥ «ሻይ ጠጪ» ይባልልኝ?

«እሱ የቅኝ ግዛት ጊዜ ነው» አለ ሪፖርት፤ ሰዓቱንም አየ።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት…» ብለው ጀመሩ እትዬ። «ይሻላል!» ብለን ሁላችን ጨረስንላቸው። ሪፖርት ሳይቀር አብሮን አለ፤ አፉ አምልጦት።

ፍርዴን እስካሁን ያልገባው አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ሚስዮናዊው ልክ ነው። ጳውሎስ ራሱ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ወንጌልን ብቻ ሳይሆን የገዛ ነፍሳችንንም ልናካፍላችሁ ወደድን ብሏል። ሮሜ 16ን ደግሞ ከፍታችሁ እዩት፤ አብዛኛው ሰላምታ ነው፤ ስም በስም ላይ። ሪፖርት ቢያርመው ኖሮ «አባሪ ይደረግ» ብሎ ይቆርጠው ነበር።

ግን እውነቱን ንገረን ካላችሁኝ ሪፖርትን ብቻ መውቀስ አልችልም። ዘመኑ ነው ያሳደገው። አሁን ሁሉ ነገር «ለምን?» ይባላል። እስኪ ለአንድ ወዳጃችሁ ደውሉና «ዝም ብዬ ነው የደወልኩት» በሉት። ይደነግጣል። «በሰላም ነው?» ይላል። ሦስት ጊዜ ብትምሉለት እንኳ መጨረሻ ላይ የምትጠይቁትን ነገር ይጠብቃል። ወዳጅ የሚባለው ቃል ሄዶ ኔትወርክ መጣ። ሰው ሠርግ የሚሄደው ካርድ ለመቀያየር ሆነ። ሚስዮናዊውም ቢሆን ተገዶ የማያውቀውን ሕፃን አቅፎ ፎቶ ይነሳል፤ ያለ ፎቶ መዋጮ ይቀዘቅዛልና። ከዳማ ሰሌዳ ጋር የተነሳው ፎቶ ማንን ያስለቅሳል?

ሐዘን እንኳ ቀለለ። «አባቱ ሲሞቱ የት ነበርን?» ላሉት እትዬ መልሱ ይሄ ነው። ስልካችን ላይ ነበርን። ሞቱ በጋራ መልእክት መጣ። አንዱ ሁለት የተጋጠሙ መዳፎች ላከ። ሌላውም ላከ። እኔም ላክሁ፤ አንድ ጣት ነው የፈጀብኝ። ስልክ የማይችሉት እትዬ ብቻ የድምፅ መልእክት አስቀድተው ላኩለት። እሱም በደብዳቤው ሲያመሰግን የጠቀሰው የእሳቸውን ነው።

የዚያን ቀን ስብሰባ ያለ ውሳኔ ተበተነ። እትዬ «ዳማውን የሚያሸንፈው ማነው? ብላችሁ ጻፉለት» አሉ። ሪፖርት ደግሞ መልሱ ላይ ቅጽ ይያያዝ፣ እሱን ሞልቶ ይላክልን አለ። ሁለቱ አልታረቁም። ደብዳቤውን ማን ያርቅቅ በሚለውም አልተስማማንም፤ ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ፣ ከዚያም ለሚቀጥለው። ይሄን ስጽፍ ሁለት ወር ሊሞላ ነው፤ እስካሁን አንዲት መስመር አልመለስንለትም። ጎረቤቱ ግን በዚህ ሁለት ወር ውስጥ ስንቴ በሩን እንዳንኳኳ አስቡት።