ማስተካከያ፦ ፈንጂን ያገደው ስምምነት ላይ ድምፅ የነበረው ማን ነው?
ባለፈው ጽሑፌ ፀረ ሰው ፈንጂን የሚከለክለውን ስምምነት «መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ድምፅ ሰጥተው አጸደቁት» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ።

ድምፅ የነበራቸው መንግሥታት ብቻ ናቸው። የመጀመሪያውን ረቂቅ ያዘጋጀችው ኦስትሪያ ናት። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1997 ኦታዋ ላይ የፈረሙትም 122 አገሮች ናቸው። በ1992 የተመሠረተው፣ የእነዚህ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ስብስብ የሆነው ፈንጂን የማገድ ዓለም አቀፍ ዘመቻ፣ ኦስሎ በተካሄደው ድርድር ላይ የተቀመጠው በታዛቢነት ነበር።

ታዲያ የድርጅቶቹ ሚና ትንሽ ነበር ማለቴ እንዳይመስላችሁ። የተጎጂዎችን ታሪክ ይዘው ከአገር አገር እየዞሩ፣ ጋዜጠኞችን እየቀሰቀሱ፣ እንደ ካናዳና ኖርዌይ ካሉ አገሮች ዲፕሎማቶች ጋር ቁጭ ብለው እየመከሩ፣ ዝም ማለት ለመንግሥታት እንዲከብዳቸው ያደረጉት እነሱ ናቸው። በዚህም ዘመቻውና አስተባባሪዋ ጆዲ ዊሊያምስ የ1997ን የኖቤል የሰላም ሽልማት ተጋርተዋል። ይሄን ስጽፍ ዛሬም ይደንቀኛል።

ሌላው፣ «ሁሉም አገር ይገዛበታል» ያልኩትም ልክ አይደለም። አሜሪካ፣ ሩሲያና ቻይና ስምምነቱን አልተቀላቀሉም፤ የትኛውም ዘመቻ ደግሞ በግድ ሊያስፈርማቸው አይችልም። ሁለቱንም ዓረፍተ ነገሮች ከጽሑፉ ላይ አርሜያለሁ።