ዘጋቢ ፊልሙ ከተውኔቱ አይቅደም

የጥቁር አሜሪካዊቷ ደራሲ የሎሬይን ሃንስቤሪ «ኤ ሬዚን ኢን ዘ ሰን» (ፀሐይ ላይ ያለ ዘቢብ) በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በብዛት ከሚነበቡ ተውኔቶች አንዱ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ ወይም በአትላንታ ልጅ የሚያሳድግ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ይህን ስስ መጽሐፍ ከልጁ ቦርሳ ውስጥ ሳያየው አይቀርም። ስለ ደራሲዋ ሕይወት ትሬሲ ሄዘር ስትሬይን ያዘጋጀችው ዘጋቢ ፊልም «ሳይትድ አይስ፣ ፊሊንግ ሃርት» በ2018 በፒቢኤስ ቴሌቪዥን ከቀረበ ወዲህ ደግሞ መምህራን ከመጽሐፉ ጎን የሚያስቀምጡት ጥሩ መሣሪያ አግኝተዋል። (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ፊልሙ በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ ሊታይም ይገባዋል። ክርክሬ መቼ፣ ስንት ደቂቃና እንዴት ይታይ በሚለው ላይ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚደረገው እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ቀን መብራቱ ይጠፋል፣ ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር ይታያል፣ ከዚያ መጽሐፉ ይገለጣል። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚጎድለው። በ45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሲመነዘር፣ ስም መጥሪያውና ማሽን ማስነሻው ሲታከልበት፣ ሦስት ቀን ይበላል። የጠፋው ጊዜ ግን ትልቁ ጉዳት አይደለም። ትልቁ ጉዳት ተማሪው የደራሲዋን ሕይወት አስቀድሞ ስላየ ተውኔቱን የዚያ ሕይወት ግልባጭ አድርጎ ማንበቡ ነው። መድረኩ ላይ ያለችው እናት የደራሲዋ እናት፣ ቤቱም የደራሲዋ ቤት ይመስለዋል። ከዚያ በኋላ «ደራሲዋ ይህን ለምን እንዲህ አደረገችው?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ «እንዲያ ስለነበረ ነዋ» ነው። የሥነ ጽሑፍ ትምህርቱም እዚያው ላይ ይቆማል።

ሃንስቤሪ የድሃ ልጅ አልነበረችም። በ1930 ቺካጎ ስትወለድ አባቷ ካርል ሃንስቤሪ ቤት እየገዛ የሚያከራይ፣ የታወቀ ነጋዴ ነበር። በተውኔቱ ውስጥ ያለው የያንገር ቤተሰብ ግን በአንዲት ጠባብ አፓርትመንት ውስጥ ታጭቆ የሚኖር ነው። ትንሹ ትራቪስ ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ይተኛል፤ መታጠቢያ ቤቱ ኮሪደሩ ላይ ነው፣ ከጎረቤት ጋር በወረፋ። የትራቪስ አባት ዋልተር ሾፌር ነው፤ ሚስቱ ሩት ሰው ቤት ትሠራለች። የሁሉም ተስፋ የሟቹ አባት የሕይወት መድን የሚያስገኘው 10,000 ዶላር ነው። የሃንስቤሪ አባት የእነዚህ ሰዎች ጎረቤት ከሚሆን ይልቅ አከራያቸው ቢሆን ይቀል ነበር። ይህን አንድ ነጥብ የጨበጠ ተማሪ መጽሐፉን በሌላ ዓይን ያነበዋል። ደራሲዋ የራሷን ቤት አልገለበጠችም፤ ከራሷ ቤት ወጥታ የሌላ ሰው ቤት ውስጥ ገባች።

ቤቱን በተመለከተ ያለው ልዩነት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። በ1937 ካርል ሃንስቤሪ በዉድሎን አካባቢ፣ ሮድስ ጎዳና ላይ ቤት ገዛ። የሰፈሩ ባለንብረቶች ለጥቁር ላለመሸጥና ላለማከራየት ውል ተፈራርመው ነበር። ቤቱን ሰው ከበበው፤ በመስኮት የተወረወረው ነገር ሕፃኗን ሎሬይን ለጥቂት ሳታት። ደራሲዋ በ1964 ለኒውዮርክ ታይምስ በጻፈችው ደብዳቤ አባቷ በዋሽንግተን ፍርድ ቤት ሲሟገት እናቷ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ይዛ ሌሊቱን ሙሉ ቤቱን ትዞር፣ አራት ልጆቿን ትጠብቅ እንደነበር ታስታውሳለች። አሁን ተውኔቱን ግለጡ። እናትየዋ ሊና በእጇ የያዘችው ብርሃን አጥቶ የጫጨ የአበባ ተክል ነው። ሽጉጥ የለም፤ ፍርድ ቤት የለም፤ አባት ራሱ የለም። ሃንስቤሪ ሽጉጡን ከእናትየዋ እጅ ለምን አስወጣችው? በእኔ እምነት ይህ ጥያቄ ብቻውን አንድ ክፍለ ጊዜ ይገባዋል። ሊጠየቅ የሚችለው ግን ተማሪው ተክሉን አስቀድሞ፣ ሽጉጡን በኋላ ያወቀ እንደሆነ ነው። ፊልሙ ከቀደመ ጥያቄው ይሞታል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። በመጀመሪያው ቀን ፊልም የለም። የላንግስተን ሂዩዝ ግጥም ብቻ ይነበብ፤ 11 መስመር ናት፣ የተውኔቱም ርእስ የተወሰደው ከእሷ ነው። ፀሐይ ላይ ስለሚደርቅ ዘቢብ ስትናገር ልጆቹ ምን እንደሚታያቸው ይናገሩ። ቀጥሎ የመጀመሪያው ገቢር፣ ሁለቱም ትዕይንቶች፣ ጮክ ተብሎ በክፍል ይነበብ። ይህ ሦስት ክፍለ ጊዜ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ነው የፊልሙ የመጀመሪያ ቁራጭ የሚመጣው፦ የልጅነቷና የቤቱ ክፍል፣ ከ8 ደቂቃ ሳይበልጥ። ከሁለተኛው ገቢር መጀመሪያ ቀጥሎ ስለ አፍሪካ ያላት ፍቅርና ዘፋኙና ተዋናዩ ጳውሎስ ሮብሰን በመሠረተው «ፍሪደም» ጋዜጣ የሠራችበት ዘመን ይታይ። ሦስተኛው ገቢር ካለቀ በኋላ መጋቢት 11 ቀን 1959 ተውኔቱ ብሮድዌይ ላይ የተከፈተበትን ይመልከቱ፤ ጥቁር ሴት የጻፈችው ተውኔት እዚያ መድረክ ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። በ34 ዓመቷ ያረፈችበት ክፍል መጨረሻ ላይ፣ አጭር ሆኖ ይምጣ። ሁሉም ተደምሮ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ቀሪውን ማየት የሚፈልግ ልጅ ቤቱ ሄዶ ይይ።

የስምንት ደቂቃው ልክ በዘፈቀደ የተቆረጠ አይደለም። ከዚያ ካለፈ ተማሪው መጻፉን ትቶ ተመልካች ይሆናል። እያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ጊዜ ይታይ። መጀመሪያ ብዕር ሳይነሳ፣ ሁለተኛ በጥያቄ። መብራቱ ሙሉ በሙሉ አይጥፋ፤ ደብተሩ ላይ ያለው መስመር መታየት አለበት። የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ደቂቃና ሴኮንድ ከቀኑ በፊት ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ መምህሩ ክፍሉ ፊት ቆሞ ወዲያና ወዲህ ሲፈልግ ልጆቹ ማየት የሌለባቸውን የሚቀጥለውን ክፍል ያያሉ፣ ትኩረታቸውም ይበተናል። ድምፁ ከኋላኛው ወንበር ሆኖ ይፈተሽ። የእንግሊዝኛው የግርጌ ጽሑፍ ሁልጊዜ ይከፈት፤ ቋንቋውን ገና ለሚማር ልጅ ያለ እሱ ፊልሙ ጫጫታ ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከደሴ በቅርቡ ለመጣ ተማሪ ደግሞ ስምንት ወይም ዐሥር ቃላት አስቀድሞ በአማርኛ ተፈትተው ቢሰጡት ብዙ ይረዳዋል፦ የቤት ቅድመ ክፍያ፣ የሕይወት መድን፣ የሰፈር ውል፣ ይግባኝ፣ የመሳሰሉት።

የማስታወሻ ወረቀቱ ሦስት ዓምድ ይኑረው፦ ምን ተባለ፣ ማን አለው፣ በምን አወቀው። ሦስተኛው ዓምድ ላይ ነው ልጆች የሚሰናከሉት። በፊልሙ ውስጥ የሃንስቤሪን ጽሑፎች የምታነበው ተዋናይት አኒካ ኖኒ ሮዝ ናት፤ ተራኪዋ ላታንያ ሪቻርድሰን ጃክሰን ናት። ሁለቱም በ2014 ተውኔቱ እንደገና ብሮድዌይ ላይ ሲታይ ተውነውበታል፦ ሮዝ የዋልተርን እህት ቤኒታን፣ ጃክሰን እናቲቱን ሊናን ሆነው። ይህ ካልተነገረው ተማሪው የተዋናይቷን ድምፅ የደራሲዋ ድምፅ ነው ብሎ ይጽፋል። ከተነገረው ግን ጥሩ ጥያቄ ይወለዳል፦ የደራሲዋን ቃል በገጸ ባሕሪዋ አንደበት ስንሰማው ሁለቱን አንድ አድርገን ማየት አይቀናንም? ሙዚቃውም እንዲሁ ነው። አንዲት ደቂቃ ድምፁን ዘግቶ ማሳየት፣ ከዚያ ከነድምፁ መድገም፣ ሐዘኑ ከሥዕሉ መጣ ወይስ ከፒያኖው ብሎ መጠየቅ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ዘጋቢ ፊልም በሰው እጅ የተሰፋ መሆኑን ልጁ በጆሮው ይማረዋል።

የፍርድ ቤቱ ጉዳይ ለብቻው መታረም አለበት፣ ስሕተቱ ሥር የሰደደ ስለሆነ። «ሃንስቤሪ ከሊ ጋር» የሚባለው ክስ በኅዳር 1940 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለሃንስቤሪ ተፈረደ። ተማሪው ወዲያው «የዘር ውሉ ተሻረ» ብሎ ይጽፋል። አልተሻረም። ውሉ ይጸና ዘንድ የሰፈሩ የመንገድ ዳር ይዞታ 95 በመቶ ባለቤቶች መፈረም ነበረባቸው፤ የፈረሙት ግን 54 በመቶ ገደማ ነበሩ። ቀድሞ በነበረ ሌላ ክስ ግን ሞልቷል ተብሎ ተወስኖ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለው በዚያ ክስ ጥቅማቸው ያልተወከለ ሰዎች በዚያ ውሳኔ አይታሰሩም ነው። የዘር ውልን ፍርድ ቤቶች ማስፈጸም እንደማይችሉ የተወሰነው በ1948፣ «ሼሊ ከክሬመር ጋር» በተባለው ክስ ነው። ካርል ሃንስቤሪ ያንን ቀን አላየም፤ በ1946 ሜክሲኮ ውስጥ ሞቷል። ልጅቱ በደብዳቤዋ ስለ አባቷ ድል የምትጽፈው በምሬት መሆኑ የሚገባው ይህን ለሚያውቅ ብቻ ነው። መምህሩ 95 እና 54 የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች ሰሌዳው ላይ ጽፎ ሦስት ደቂቃ ቢሰጣቸው ይበቃል።

የኛ ልጆች በተቀመጡበት ክፍል ደግሞ ፈጽሞ መታለፍ የሌለበት ቦታ አለ። በሁለተኛው ገቢር መጀመሪያ ቤኒታ ከናይጄሪያዊው ተማሪ አሳጋይ ያገኘችውን የዮሩባ ልብስ ለብሳ ስትጨፍር ዋልተር ሰክሮ ይገባና «ኢትዮጵያ እጆቿን ዳግም ትዘረጋለች» እያለ ይጮኻል። ብዙ ክፍል ውስጥ ይህ እንደ ሰካራም ወሬ ተቆጥሮ ይታለፋል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን «ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር» ሲባል የሚሰማ ልጅ ግን ቃሉን ያውቀዋል፤ መዝሙረ ዳዊት ነው፣ በግዕዙ አቆጣጠር መዝሙር 67። አንድ የቺካጎ ሾፌር ይህን ከየት አመጣው? ከጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን። ጥቅሱ በዚያ ለብዙ ትውልድ የነጻነት ተስፋ ሆኖ ሲሰበክ ኖሯል። ዋልተር 35 ዓመቱ ነው፤ ጣሊያን በ1935 ኢትዮጵያን ሲወርር ልጅ ወይም ጎረምሳ ነበር ማለት ነው። ወሬውን «ቺካጎ ዲፌንደር» ጋዜጣ ይዞ ይወጣ ነበር፤ ከዚያችው ከቺካጎ የሄደው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን የንጉሠ ነገሥቱን ትንሽ አየር ኃይል ይመራ ነበር።

ሃንስቤሪ ደግሞ ይህን ከቤቷ ታውቀው ነበር። አጎቷ ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካን ታሪክ ከ1922 ጀምሮ ያስተማረ ምሁር ነው። በ1934፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ይማር ከነበረው ከመላኩ በያን ጋር ሆኖ የኢትዮጵያ ምርምር ምክር ቤትን አቋቁሟል። በ1964 ደግሞ ስለ አፍሪካ ባደረገው ጥናት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጥቶታል። ከአዲስ አበባ እስከ ቺካጎ የሚደርስ ይህን የመሰለ ክር በእጅ እያለ መምህር ዝም ብሎ ቢያልፍ ያሳዝነኛል። ዐሥር ደቂቃ ይሰጠው። ጥንቃቄው አንድ ነው፦ በክፍሉ ያለችውን ኢትዮጵያዊት ልጅ «እስኪ ስለ አፍሪካ ንገሪን» ብሎ ማስነሣት አይገባም። አሳጋይ ዮሩባ ነው፤ እሷ ስለ ዮሩባ የማወቅ ግዴታ የለባትም። ቤኒታ ራሷ እናቷን የምትለማመጠው እንግዳው ፊት ስለ አፍሪካ የማይሆን ነገር እንዳትናገር ነው። መምህሩም ያን ልመና ይስማ።

ወላጆችን በተመለከተ፣ ፊልሙ የደራሲዋን የግል ሕይወትም ያነሳል፤ ትዳሯን፣ ሴቶችን ትወድ እንደነበርም። መምህሩ ፊልሙን አስቀድሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማየት፣ የትኞቹን ቁራጮች ለምን እንደመረጠ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ለወላጅ ማሳወቅ አለበት። ደብዳቤው ወደ አማርኛ ቢተረጎም ብዙ አለመግባባት ይቀራል። ተማሪ ከጠየቀ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር እውነቱ ይነገረው፤ ስልኩ ላይ በሁለት ደቂቃ የሚያገኘውን ነገር መደበቅ መምህሩን ያስንቀዋል።

መመዘኛው ላይም አንድ ነገር ልበል። «መቼ ተወለደች? የት ሞተች?» የሚል የ20 ጥያቄ ፈተና ፊልሙን ወደ ስም ዝርዝር ያወርደዋል፤ ልጆቹም ከማሰብ ይልቅ ዓመተ ምሕረት ሲቀዱ ይውላሉ። የተሻለው ከ150 እስከ 200 ቃል የሆነች አንዲት ጽሑፍ ናት። ተማሪው ከፊልሙ አንድ ማስረጃ ከነተናጋሪው ያምጣ፣ 3 ነጥብ። ከተውኔቱ የሚዛመደውን ንግግር ከነገጹ ያምጣ፣ 3 ነጥብ። በሁለቱ መካከል ደራሲዋ ምን ቀየረች፣ ለውጡስ በመድረኩ ላይ ምን አስገኘ ለሚለው 4 ነጥብ። «ምንም አልቀየረችም» ብሎ የሚመልስ ልጅ ወረቀቱ ይመለስለትና ተክሉን እንደገና ይፈልግ፤ በመጨረሻው ትዕይንት፣ ቤቱ ባዶ ከሆነ በኋላ፣ ሊና ልትወስደው የምትመለስበት ገጽ ላይ ያገኘዋል።