«ከእነዚህ ውስጥ ዋናው የትኛው ነው?»

በአገራችን መድኃኒት የሚያዘው ሐኪም ነው ይባላል። እንደ እውነቱ ከሆነ ሐኪሙ የሚጽፈው ረቂቅ ነው፤ ረቂቁ ተሻሽሎና ተቀንሶ የሚጸድቀው መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ነው። የሚያዘው ሰው ዋጋውን አያውቅም፣ ዋጋውን የሚያውቀው ፋርማሲስት ማዘዝ አይፈቀድለትም፣ ሁለቱንም ያልተማረው ታማሚ ግን ገንዘቡ ከእርሱ ኪስ ስለሚወጣ ብቻ የመጨረሻውን ውሳኔ ይሰጣል።

በመንግሥት ሆስፒታል የታከመ ሰው ማዘዣውን ይዞ መጀመሪያ የሚሰለፈው ዋጋ ለማስተመን ነው። ከዚያ ወደ ገንዘብ ተቀባይ ይሄዳል፤ ከፍሎ ደረሰኙን ሲቀበል ደግሞ መድኃኒቱ ወደሚሰጥበት መስኮት ተመልሶ እንደ አዲስ ይሰለፋል። ብርና መድኃኒት በአንድ እጅ እንዳይገቡ ስለሚያደርግ አሠራሩ ለቁጥጥር መልካም ነው፤ ጉልበቱን ታሞ የመጣ ሰውም ሦስተኛው ሰልፍ ላይ ሲደርስ ያለ ራጅ በሽታው ይታወቅለታል።

በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ብዙ ቤተሰብ ዓመታዊ መዋጮውን ከፍሎ ደብተር እንዲይዝ አድርጓል። ባለ ደብተሩ ካርድ ሲያወጣ፣ ሐኪም ሲያየው፣ ላቦራቶሪ ሲላክ ቦርሳውን ስለማይነካ በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ እንደ ባለ ርስት ይዘዋወራል። መድኃኒት መስጫው ዘንድ ሲደርስ ግን ባለሙያዋ ከታዘዙት ሁለቱን በእስክሪብቶ ትከብና «አባቴ፣ እነዚህ የሉም፤ ከውጭ ይገዛሉ» ትላለች። ርስቱ እዚያው ላይ ያበቃል፤ ከግቢው በር ማዶ ያለው የግል መድኃኒት ቤት የሚያውቀው ደብተር የባንክ ደብተር ነው።

እውነተኛው የሐኪሞች ጉባኤ የሚካሄደው እዚያ፣ በግሉ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ ነው። ታማሚው ማዘዣውን በመስታወቱ ላይ ያንሸራትትና «ዶክተር፣ ይህ ስንት ይሆናል?» ይላል። (ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ጋውኑን አውልቆ መንገድ ላይ ቢገኝ ግን ሰላም የሚለው የለም።) ፋርማሲስቱ ዋጋውን በአንደበቱ አይናገርም። በካልኩሌተር ሲደምር ይቆይና፣ ከኋላ የቆመው ሰው እንዳይሰማ በመጠንቀቅ፣ ካልኩሌተሩን ቀስ አድርጎ ወደ ታማሚው ያዞረዋል። ታማሚው ቁጥሩን ያየዋል፤ የነጥቧን ቦታ ለማጣራት ጎንበስ ብሎ ደግሞ ያየዋል። ከዚህ በኋላ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንደኛው «መኪና ውስጥ የሚጠብቀኝ ሰው አለ፤ ነግሬው ልምጣ» ብሎ ይወጣል። መኪና እንደሌለው ፋርማሲስቱ ያውቃል፤ እንደሚያውቅበትም እርሱ ያውቃል፤ ማዘዣውን በጥንቃቄ አጣጥፎ ኪሱ ሲከት ያየ ሰው ደግሞ እንደማይመለስ አይጠራጠርም። ሁለተኛው ደፈር ይልና «ከእነዚህ ውስጥ ዋናው የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ፋርማሲስቱ «ሁሉም ዋና ናቸው» ይላል፤ ታማሚው ግን ሁሉም እኩል ዋና የሆነበት ቦታ በዕድሜው ስላላየ አያምነውም። ድርድሩ ይጀመራል። የጨጓራ መከላከያው «እኔ ጨጓራ የለብኝም» ተብሎ ይሰረዛል። ቫይታሚኑ በሐኪሙ ዘንድ የመጨረሻው መስመር ላይ የተጻፈ ቢሆንም «ያጠነክራል» ተብሎ ወደ አንደኛ ደረጃ ያድጋል። ውዱ አንቲባዮቲክ ከተገዛም የሰባት ቀኑ ለሁለት ቀን ይቆረጣል፤ «ልሞክረውና ካልተሻለኝ እመለሳለሁ»። ፋርማሲስቱ መድኃኒቱ ካልተጨረሰ ጀርሙ እንደሚለምደው፣ ሲለምደው ደግሞ ሌላ ጊዜ ቢወሰድም እንደማይሠራ አንድ በአንድ ያስረዳል። ታማሚው ራሱን እየነቀነቀ በአክብሮት ይሰማና «እሺ፣ እንግዲያው አራት ፍሬ ስጠኝ» ይላል።

ቀጥሎ የአገር ምርጫ ይመጣል፤ የህንዱ ይህን ያህል፣ የቆጵሮሱ ያን ያህል፣ የጀርመኑ ደግሞ በካልኩሌተር ብቻ የሚነገር ይሆናል። ቆጵሮስ በየትኛው ባሕር ላይ እንዳለች ተጠይቀው የማያውቁ እናት «የቆጵሮሱ ይሻለኛል፤ የህንዱ ቶሎ አይዘኝም» ብለው ይወስናሉ። የአገር ውስጡ ሲጠቀስ ዝም ይባላል። በቡናችንና በሯጮቻችን የማንታማበት አገር ወዳድነት ክኒን ላይ ሲደርስ ይደክማል።

ውሳኔው በቤተሰብ ደረጃ የሚታይ ከሆነ ማዘዣው ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ሜሪላንድ ላለችው እኅት ይላካል። እርሷ ባለችበት አገር ማዘዣው በኮምፒውተር በቀጥታ ወደ መድኃኒት ቤቱ ስለሚላክና መድኃኒቱ ስሟ ተጽፎበት ስለሚጠብቃት፣ «ከነማ» ከሚባለው የከተማ አስተዳደሩ መድኃኒት ቤት ስታጣ ወደ ቀይ መስቀል መድኃኒት ቤት፣ ከቀይ መስቀል ወደ ግል እየዞረች ዋጋ የምታጠያይቀውን እናቷን ድካም ረስታዋለች። «አትግዙ፤ ሰው ሲመጣ እልካለሁ» ትላለች። ሰው ሲመጣና ሻንጣው ሲከፈት ግን፣ የታዘዘውን እዚያ ያለ ማዘዣ ስለማይሸጡላት፣ አንድ ትልቅ ብልቃጥ የዓሣ ዘይት ይወጣል።

ክፍያው ራሱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀሏል። በግንቦት 2013 ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ብር መቁጠር እየቀረ፣ በምትኩ የላኪው መልእክት ለተቀባዩ እስኪደርስ ድረስ ሁለት ሰዎች በሁለት ስልክ ላይ አቀርቅረው መጠበቅ ተጀምሯል። በጥሬ ገንዘብ የከፈለ ደግሞ ዝርዝር ስለማይኖር መልሱን በፕላስተር ይቀበላል፤ ሳይቆስልም ለቁስሉ ይዘጋጃል።

ቀጠሮው ደርሶ ወደ ሐኪሙ ሲመለስ «መድኃኒቱን ጨርሰዋል?» ተብሎ ይጠየቃል። «ጨርሻለሁ» ይላል፤ አልዋሸም፣ የገዛትን ጨርሷል። ሐኪሙም የታዘዘው ሁሉ ተወስዶ ለውጥ ካላመጣ በሽታው በረታ ማለት ነው ብሎ ያስብና፣ ከፊተኛው የበረታ፣ ስለዚህም ከፊተኛው የተወደደ መድኃኒት በአዲስ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ታማሚው ወረቀቱን ተቀብሎ ገና ከወንበሩ ሳይነሣ «ዶክተር፣ ይህስ ስንት ያወጣል?» ሲል ይጠይቃል። ሐኪሙ የሚቀጥለውን ካርድ እየሳበ «እሱን መድኃኒት ቤት ይነግሩዎታል» ይላል።